ታሪኩ የነሱ፣ ወንበሩ የሌላ፦ ኪያራ ሂውዲስ ከቴአትር ጋር ለምን ተኳረፈች?

አንድ ሰው በሙያው የሚሰጠውን ሽልማት ሁሉ ከሰበሰበ በኋላ «በቃኝ» ሲል፣ ወይ ደክሞታል ወይ ጠግቧል እንላለን። አሜሪካዊቷ ጸሐፌ ተውኔት ኪያራ አሌግሪያ ሂውዲስ በ2018 ከቴአትር ለጊዜው እንደምትርቅ ስትናገር ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ያኔ አርባን ገና መሻገሯ ነው። ፑሊትዘር አላት፣ የአሜሪካ ጸሐፍት የሚመኙት ትልቅ ሽልማት። ብሮድዌይ ላይ፣ ማለትም በኒውዮርክ ታላላቅ የንግድ ቴአትር ቤቶች መድረክ፣ የቴአትሩን ትልቅ ሽልማት ቶኒን ያገኘ ሙዚቃዊ ተውኔት ጽፋለች። በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የጽሕፈትና የቴአትር ፕሮፌሰር ነበረች። ይሄ ሁሉ እያላት ለዩኒቨርሲቲ የቴአትር መምህራን ጉባኤ ንግግር እንድታደርግ ተጋበዘች፣ ሄደችና ልቤ ተሰብሯል አለቻቸው። ንግግሩ በኋላ በጽሑፍ ሲወጣ ርዕሱም ያው የልብ ስብራት ነበር።

(ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ብሩን ደግሞ በዶላር ያዙልኝ።)

ይሄን የምጽፈው የሴትዮዋን ገድል ለመዘርዘር አይደለም። የአሜሪካ ቴአትር ላለፉት አሥር ዓመታት «መድረክ ላይ ማን ይታይ?» እያለ ሲከራከር ነው የከረመው። ጥቁር ይታይ፣ ላቲኖ (ዘሩ ከላቲን አሜሪካ የሆነ) ይታይ፣ እስያዊ ይታይ። ጥሩ ክርክር ነው። ሂውዲስ ግን መድረክ ላይ ያሰበችውን ሁሉ አሳይታ ስትጨርስ ወደ ወንበሮቹ ዞር አለች። እዚያ የተቀመጡት ሌሎች ናቸው። የሷ ጥያቄ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፣ እኔም ከዚህ ጥያቄ የሚከብድ ያለ አይመስለኝም።

ከጅምሩ እንነሳ።

የተወለደችው በ1977 ፊላደልፊያ ነው። እናቷ ፖርቶ ሪኳዊት፣ አባቷ አይሁዳዊ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ፖርቶ ሪኳውያን እንደኛ ቪዛ ጠብቀው፣ ዲቪ ደርሷቸው የሚመጡ ሰዎች አይደሉም። ከ1917 ጀምሮ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው። ደሴቷ የአሜሪካ ግዛት ናት፣ ግን እዚያ የሚኖር ሰው ፕሬዚዳንት አይመርጥም። ዜጋ ሆነህ እንግዳ መሆን ማለት ይሄ ነው። የሂውዲስ ሰዎች ሁሉ በሆነ መንገድ እዚህ ስሜት ውስጥ ያሉ ናቸው።

ወላጆቿ ተለያዩ። በእናቷ በኩል ስፓኒሽ አለ፣ ከበሮ አለ፣ የአክስቶችና የአክስት ልጆች መዓት አለ። እናቷ የሉኩሚ እምነት ተከታይ ናት። በባርነት ወደ ኩባ የተጋዙ አፍሪካውያን ከዮሩባ ምድር ይዘውት የሄዱት እምነት ነው። በአባቷ በኩል ደግሞ እንግሊዝኛና ከከተማ ወጣ ያለ ሌላ ኑሮ። ልጅቷ በሁለቱ መሀል ስትመላለስ አደገች። በ2021 ያሳተመችውን የትዝታ መጽሐፍ «ማይ ብሮክን ላንጉጅ» ያለችው ለዚህ ነው፣ «የተሰባበረው ቋንቋዬ» እንደማለት። አሜሪካ ተወልደው ያደጉ የሀበሻ ልጆች ያሉት ቤት የገባ ሰው ነገሩን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። እናት በአማርኛ ትቆጣለች፣ ልጅ በእንግሊዝኛ ይመልሳል፣ ሁለቱም ግማሽ ግማሹን ሰምተው ያድራሉ።

እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያለች አንዲት ታሪክ ከአእምሮዬ አልጠፋ ብላለች። አንዲት ታላቅ የአክስቷ ልጅ አንድ ቀን ለኪያራ ማንበብ እንደማትችል ትነግራታለች። ትምህርት ቤት ገብታ፣ ከክፍል ክፍል አልፋ፣ ጨርሳ የወጣች ልጅ ናት። ማንም አላየባትም፣ ወይም አይቶ ዝም ብሏል። ኪያራ ደግሞ በዚያው ቤት ውስጥ መጽሐፍ የምታሳድድ ልጅ ነበረች። ይቺን ታሪክ ያዟት፣ ኋላ ላይ እንመለስባታለን።

ሙዚቃ ነበር መጀመሪያ የያዘችው። ፒያኖ። ዬል ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ አጥንታ በ1999 ተመረቀች። ከዚያ እናቷ ወደ ጽሕፈት ገፋፋቻት። ብራውን ዩኒቨርሲቲ ገብታ በፓውላ ቮግል ሥር ተውኔት አጻጻፍ ተማረችና በ2004 ሁለተኛ ዲግሪዋን ያዘች። ቮግል ራሷ የፑሊትዘር ተሸላሚ ናት።

የሙዚቃ ትምህርቱ ግን በከንቱ አልቀረም። ሦስት ተያያዥ ተውኔቶች ጻፈች፣ ኤልየት ስለሚባል ኢራቅ ዘምቶ ቆስሎ ስለተመለሰ የማሪን ወታደር። መነሻው የገዛ ዘመዷ ነው። እያንዳንዱን ተውኔት በአንድ የሙዚቃ ዓይነት ላይ ቀመረችው። የመጀመሪያው፣ በ2006 የታየው «ኤልየት፣ ኤ ሶልጀርስ ፊዩግ»፣ የጀርመናዊውን የሙዚቃ ቀማሪ የባሕን ፊዩግ ይከተላል። ፊዩግ ማለት አንድ ዜማ በአንድ ድምፅ ይጀምርና ሌላው ድምፅ ተቀብሎ ይደግመዋል፣ ሦስተኛው ይደርብበታል። ተውኔቱ ውስጥ አያትየው ኮሪያ ዘምቷል፣ አባትየው ቬትናም፣ ልጅየው ኢራቅ። ሦስቱም ስለ ጦርነቱ እርስ በርሳቸው አፋቸውን ሞልተው አይናገሩም። ዜማው ያው ነው፣ ድምፁ ብቻ ይቀያየራል። ብልጠቷ እዚህ ላይ ነው፤ ስለ ጦርነት ንግግር ሳታደርግ በቅርጹ ብቻ ሦስት ትውልድ አንድ ቁስል ይዞ እንደሚዞር ታሳይሃለች። ለ2007 ፑሊትዘር ከመጨረሻ ዕጩዎች አንዱ ሆነ።

ሁለተኛው «ዋተር ባይ ዘ ስፑንፉል» ነው። ውሃ በማንኪያ ማንኪያ ልንለው እንችላለን። ይሄ በጆን ኮልትሬን ጃዝ ላይ የተሠራ ነው፣ ድምፆቹ የሚጋጩበት፣ የማይስማሙ የሚመስሉበት ጃዝ። ኤልየት ከጦርነት ተመልሶ ፊላደልፊያ ውስጥ ሳንድዊች ቤት ተቀጥሯል። ያሳደገችው አክስቱ ልትሞት ነው። የወለደችው እናቱ ኦዴሳ ደግሞ ክራክ የሚባለው የኮኬይን ዓይነት የቀድሞ ሱሰኛ ናት፣ አሁን ኢንተርኔት ላይ ሱሰኞች የሚረዳዱበት የመወያያ ገጽ ታስተዳድራለች። ገጹ ላይ የሚገቡት ሰዎች በአካል አይተዋወቁም። አንዱ ሳን ዲየጎ የሚኖር የግብር ቢሮ ሠራተኛ፣ አንዷ ከጃፓን በማደጎ የመጣች ወጣት፣ አንዱ ሀብታም ነጭ ነጋዴ። ለነዚህ ለማታውቃቸው ሰዎች ኦዴሳ ሌት ተቀን የማትሰለች እናት ናት። ለገዛ ልጇ ግን አልሆነችም።

ማንኪያው እዚህ ይመጣል። ኤልየትና ታናሽ እህቱ ሕፃናት ሳሉ ታመው ነበር፣ ሆዳቸው ምንም አልይዝ ብሎ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ በየአምስት ደቂቃው አንድ ማንኪያ ውሃ። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ያስታመመ ሁሉ ያውቀዋል፤ ብዙ ከሰጠኸው ይመልሰዋል፣ ካቆምክ ይደርቃል። ስለዚህ አጠገቡ ቁጭ ብለህ መጠበቅ ነው። ኦዴሳ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ከዚያ ሱሱ ጠራትና ሄደች። ሕፃኗ ሞተች። ይሄን ሁሉ የምንሰማው ከራሱ ከኤልየት አፍ ነው፣ ያውም ኦዴሳን እንደ አዳኝ የሚያያት የማያውቀው ሰው ፊት ቁጭ ብሎ። ያን ትዕይንት ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ወጥቼ መሄድ ነበረብኝ።

ተውኔቱ በ2011 ኮነቲከት ውስጥ ሃርትፎርድ ስቴጅ ላይ ታየ። በ2012 ፑሊትዘር አገኘ። ኒውዮርክ ገና አልደረሰም ነበር። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የኒውዮርክ ሰው ያላየውን ተውኔት ማን ቁም ነገር ብሎት ያውቃል? ሦስተኛው «ዘ ሃፒየስት ሶንግ ፕሌይስ ላስት» በ2013 ቺካጎ ተከፈተ፣ በፖርቶ ሪኮ የገጠር ዜማ ላይ ተመሥርቶ። እሱን አልፈዋለሁ፣ እንደ ሁለቱ አልያዘኝም።

በዚህ መሀል ብዙ ሰው የሚያውቃት በሌላ ሥራ ነው። «ኢን ዘ ሃይትስ»። ሊን-ማኑኤል ሚራንዳ፣ ኋላ «ሃሚልተን» የተባለውን ዝነኛ ሙዚቃዊ ተውኔት የጻፈው፣ ይሄን ሥራ ዌስሊያን ተማሪ ሳለ ነበር የጀመረው። ዘፈኑን እሱ ሠራ፣ ታሪኩንና ንግግሩን ሂውዲስ። በኒውዮርክ፣ በማንሃተን ሰሜናዊ ጫፍ ዋሽንግተን ሃይትስ የሚባለው፣ ዶሚኒካኖች የሚበዙበት ሰፈር ውስጥ ያለ ሱቅ፣ የፀጉር ቤት፣ የታክሲ ቢሮ። ስታንፎርድ ደርሳ ያቋረጠች ልጅ ለወላጆቿ እንዴት ብላ እንደምትነግር ተጨንቃለች። መጋቢት 2008 ብሮድዌይ ገባ። የዓመቱ ምርጥ ሙዚቃዊ ተውኔት ተብሎ ቶኒ ወሰደ። እስከ ጥር 2011 ድረስ 1,184 ጊዜ ታየ። ሂውዲስም በዚህ ሥራ ለሁለተኛ ጊዜ የፑሊትዘር ዕጩ ሆነች።

እንግዲህ አስቡት። 1,184 ጊዜ ስለ አንድ ሰፈር ሰዎች ሲዘፈን፣ የሰፈሩ ሰዎች ስንቱ አዩት?

ብሮድዌይ ተመልካቾቹን በየዓመቱ የማጥናት ልማድ አለው። ከ2018 እስከ 2019 በነበረው የትርዒት ዘመን ከአራት ተመልካች ሦስቱ ገደማ ነጮች ነበሩ። የአንድ ተመልካች ቤተሰብ አማካይ ዓመታዊ ገቢ 261 ሺህ ዶላር። ይሄ ያኔ መካከለኛ የሚባለው አሜሪካዊ ቤተሰብ ከሚያገኘው አራት እጥፍ ገደማ ነው። ትኬት በአማካይ 145 ዶላር አካባቢ። አራት ሰው ይዘህ ብትሄድ ከነመኪና ማቆሚያው የወር አስቤዛህ ነው። እኔ ራሴ አንዴ ኒውዮርክ ሄጄ የትኬት ዋጋ አይቼ፣ ፒዛ በልቼ የተመለስኩ ሰው ነኝ። በዕጣ የሚሰጡ ርካሽ ትኬቶች አሉ፣ አልክድም። ግን ዕጣ ዕጣ ነው።

«ብሮድዌይ ንግድ ነው፣ ምን ይጠበቃል?» ትሉኝ ይሆናል። ችግሩ ለትርፍ የማይሠሩት ቴአትር ቤቶችም ከዚህ ብዙ አለመለየታቸው ነው፣ ምክንያቱን ማወቅ ደግሞ ይጠቅማል። እነዚህ ቤቶች የሚኖሩት በትኬት ሽያጭ ብቻ አይደለም። የዓመቱን ትርዒቶች ሁሉ አስቀድመው የሚገዙ ቋሚ ደንበኞች አሏቸው፣ ለጋሾች አሏቸው። ቋሚ ደንበኛው ብዙውን ጊዜ በዕድሜ የገፋና የተደላደለ ነው። የቤቱ አዘጋጅ የዓመቱን አምስት ስድስት ተውኔት ሲመርጥ የሚያስበው እሱን ነው። ስለዚህ አንድ ክላሲክ፣ አንድ ሳቅ፣ አንድ ለገና የሚሆን፣ ከዚያ አንዷ ቦታ «ለሌሎች» ትቀራለች። ዘንድሮ ላቲኖ ከሆነ ለከርሞ ሌላ። ደራሲዋ ለዚያች አንድ ቦታ ከጓደኞቿ ጋር ትሻማለች። ስታሸንፍ ደግሞ ተውኔቷ የሚታየው እሷን ብለው ለመጡ ሰዎች አይደለም። አስቀድመው ለከፈሉ፣ የቀኑ ፕሮግራም ምን እንደሆነ በር ላይ ለሚያነቡ ሰዎች ነው።

ዋጋው ብቻ ቢሆን ደግሞ ባልከፋ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሥርዓትም አለ። ሀገር ፍቅር ቴአትር ቤት ገብቶ ያየ ሰው ያውቃል፣ ተመልካቹ ይስቃል፣ ያጨበጭባል፣ ክፉው ገጸ ባሕሪ ሲመጣ «እሱ ነው! እሱ ነው!» የሚል አይጠፋም። እዚህ አሜሪካ እንደዚያ ብትል አንዲት አሮጊት ዞር ብላ ታይሃለች፣ ያ አስተያየት ደግሞ ከፖሊስ ይብሳል። የሂውዲስ ዘመዶች ጮክ ብለው የሚስቁ፣ የሚመልሱ፣ የሚያለቅሱ ሰዎች ናቸው፤ ገጸ ባሕሪዎቿ እንደዚያ የሆኑት ከነሱ ወስዳ ነው። የነሱ ጩኸት መድረኩ ላይ ጥበብ ይባላል፣ ወንበሩ ላይ ሲሆን ረብሻ። እንደገባኝ ልቧን የሰበረው ይሄ ነው።

እዚህ ላይ እሷንም መጠየቅ አለብን። ከቴአትር ርቃ የቆየችበት ዌስሊያን ራሱ ዓመታዊ ክፍያው ከ60 ሺህ ዶላር የሚበልጥ የግል ዩኒቨርሲቲ ነው። የትምህርት ዕርዳታ እንዳለ አውቃለሁ፣ ግን ከብሮድዌይ በር ሸሽቶ እዚያ መጠለል ትንሽ ያስቃል። በሌላ በኩል ከዩኒቨርሲቲው ውጪ የሠራችው ነገር አለ። ከዘመዶቿ ጋር ሆና «ኢማንሲፔትድ ስቶሪስ» የሚባል ሥራ ጀመረች፣ እስር ቤት ያሉ ሰዎች ስለ ሕይወታቸው አንድ ገጽ ጽፈው የሚልኩበት። መድረክ የለውም፣ ትኬት የለውም፣ ተቺ የለውም። ከቴአትር ተኳርፋ ወዴት እንደሄደች የሚያሳየኝ ከፕሮፌሰርነቷ ይልቅ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ፊልሙ። «ኢን ዘ ሃይትስ» ፊልም እንዲሆን መብቱ በአንድ ወቅት የፊልም አምራቹ የሃርቪ ዋይንስቲን ኩባንያ እጅ ነበር። በ2017 ሰውየው በሴቶች ላይ ፈጽሞታል የተባለው ወሲባዊ ጥቃት ጉድ ሲወጣ ሂውዲስ በይፋ ወጥታ መብቱን መልሱልን አለች። ሚራንዳም ደገፋት። መብቱ ተመለሰ፣ ዋርነር ብራዘርስ በ50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አሸንፎ ወሰደው። የፊልሙን ጽሑፍ እሷው ጻፈች። የባለ ሱቁን ትንሽ ዘመድ፣ ሶኒን፣ የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ልጅ አደረገችው፣ በ2008 መድረኩ ላይ እንደዚያ አልነበረም።

ሰኔ 2021 ፊልሙ ሲኒማ ቤትም፣ ኤችቢኦ ማክስ በሚባለው የኢንተርኔት ፊልም ማሳያም በአንድ ቀን ተለቀቀ። በሲኒማ በኩል ገበያው አልሞቀም፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አሜሪካ ውስጥ 11.5 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው ያስገባው። ግን ለኛ ጉዳይ ዋናው ገንዘቡ አይደለም። የሰፈሩ ሰው በ145 ዶላር ፋንታ ሶፋው ላይ ተቀምጦ አየው። ታዲያ የመጀመሪያው ነገር ምን ሆነ? ቅሬታ! ዋሽንግተን ሃይትስ የጥቁር ዶሚኒካኖች ሰፈር ነው፣ ዋና ዋናዎቹ ላቲኖ ተዋንያን ግን ለምን አብዛኞቹ ቀላ ቀላ ያሉ ሆኑ? ነገሩ ትዊተር ላይ ተቀጣጠለ፣ ሚራንዳ ይቅርታ ጠየቀ።

ብዙ ሰው ያኔ «ይሄ ሕዝብ ምንም አያስደስተውም፣ የራሱን ፊልም አመድ አፋሽ አደረገው» አለ። እኔ ተቃራኒውን ነው የማየው። ብሮድዌይ ላይ 1,184 ጊዜ ሲታይ የቆዳው ጥያቄ እንዲህ ጎልቶ አልተነሳም። ለምን? ወንበሩ ላይ የነበረው ሰው ልዩነቱን አያውቀውማ። ለሱ ላቲኖ ላቲኖ ነው። ሰፈሩ ራሱ ሲያየው ግን «ይቺ አክስቴን አትመስልም» ማለት ቻለ። በሩ ሲከፈት የሚገባው አድናቂ ብቻ አይደለም፣ የሚገስጽም ይገባል። ሂውዲስ በ2018 ወንበሩ ላይ ማጣቷ ያሳዘናት ያንን ሰው ነበር። በ2021 አገኘችው፣ መጥቶም በመጀመሪያ የወቀሰው የሷኑ ሥራ ነው። ሳትደሰት አትቀርም ብል ማጋነን ይሆናል። ግን የጠየቀችው ይሄንኑ ነበር።

ኩርፊያውም ለዘላለም አልሆነም። በ2022 የትዝታ መጽሐፏን ወደ መድረክ አምጥታ ኒውዮርክ ሲግኔቸር ቴአትር ላይ ራሷ አዘጋጀችው። አንድ ኪያራ የለችም፣ አምስት ተዋንያን እየተቀባበሉ ይሆኗታል፣ ፒያኖ በቀጥታ ይመታል። ወንበሮቹ ግን ኒውዮርክ ውስጥ ያሉ ያው ወንበሮች ናቸው። በ2025 ደግሞ «ዘ ዋይት ሆት» የሚባል ልብ ወለድ አወጣች፣ ልጇን ጥላ ስለሄደች እናት። ኦዴሳ እንደገና፣ በሌላ ስም፣ በሌላ ዕድሜ፤ ይቺ ደራሲ ጥሎ የሄደን ሰው መጠየቅ አትሰለችም።

ልብ ወለድ ከቴአትር ትኬት ይረክሳል። ፊላደልፊያ ውስጥ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በነጻ ተውሰህ ወደ ቤት ይዘኸው ትሄዳለህ፣ አሮጊቷ አትገላምጥህም፣ ጮክ ብለህ ብትስቅም ማንም አይሰማህም። ያቺ የአክስቷ ልጅ ግን ማንበብ አትችልም ነበር። እሷ ልትከታተለው የምትችለው ታሪክ ሰው ፊቷ ቆሞ፣ በድምፁ፣ በአካሉ የሚነግራትን ነው። ማለትም ቴአትር።